የጎንደርን ሰፈሮች ታሪክ ከብራና ኅዳግ፣ ከዕድር መዝገብና ከሽማግሌ አንደበት የሰበሰብንበት መንገድ

ስለ ጎንደር ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን የሚያወራው ስለ ነገሥታቱና ስለ ፋሲል ግቢ ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተነሣነው ከግንቡ አጥር ውጭ ያለውን ለማጥናት ነበር፦ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ አዲስ ዓለም፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ወለቃ። ማን ይኖርበት ነበር፣ ቦታው ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ ሰፈርተኛው እንዴት ተደራጀ የሚለውን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ብቻ አይበቃም። ምንጩ ያለው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በዕድር ጸሐፊ ሳጥንና በአረጋውያን ዘንድ ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤ። ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ወጥቶ ለሀገረ ስብከቱ ይሄዳል፤ ከዚያ የተሰጠውን ይዞ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤ መቅረብ ነው። በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤት ጠባቂው የሄደ ሰው ቢፈቀድለት እንኳ በማግስቱ ይከለከላል፤ ጠባቂው ለሰበካው ተጠያቂ ነውና ብቻውን መወሰን አይችልም። ደብዳቤው ላይ «ለጥናትና ምርምር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው መጽሐፍ እንደሚታይ፣ ፎቶ እንደሚነሣና ቅጂው ለደብሩ እንደሚመለስ በግልጽ መጻፍ አለበት።

በጎንደር አድባራት ወንጌሎችና ሌሎች ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የሪም መሬት (የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ግዴታ ያለበት ይዞታ) ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ ተመዝግቦ ይገኛል። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ፣ ከዚያ የምስክሮች ዝርዝር። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶች ብዙ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ዜና መዋዕሉ የማይነግረን የከተማዋ ኑሮ እዚህ ይገኛል። ገጹን የሚገልጠው የደብሩ ሰው ይሁን። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ አጠገቡ እርሳስ እንጂ እስክሪፕቶ አይቀርብም። ፍላሽ ጠፍቶ ብርሃኑ ከጎን በዝቅታ ሲመጣ የተፋቀ ጽሕፈት እንኳ ጥላ ጥሎ ይታያል። በመጀመሪያ ሙሉ ገጹ ከማስመሪያ ጋር፣ ቀጥሎ ጽሑፉ ብቻ በቅርበት ይነሣ። የቅጠሉ ቁጥር ያልተያዘለት ፎቶ በኋላ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ እንደሌለ ቁጠሩት።

ትልቁ ሥራ ዘመኑን ማወቅ ነው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጠቅስም፤ «በዘመነ ማርቆስ፣ በንጉሥ በካፋ» ይላል። በንጉሡ ዘመን ያለ አንድ ዓመት የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። አፄ በካፋ ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም ስለነገሡ ማርቆስ የሚውለው በ1714፣ በ1718 ወይም በ1722 ነው። ጽሑፉ አበቅቴም (የባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ቁጥር) ከጠቀሰ ነገሩ ያልቃል፦ 12 ከሆነ 1714፣ 26 ከሆነ 1718፣ 11 ከሆነ 1722። «ንጉሥ ኢያሱ» ሲል ቀዳማዊ ይሁን ዳግማዊ መለየት ግድ ነው፤ አጠገቡ ወለተ ጊዮርጊስ ከተጠቀሰች እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ናትና ዳግማዊው ነው። ከፈረንጅ መጻሕፍት ጋር ስታነጻጽሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የአንድ ዓመት ስሕተት ሲበዛ ያየነው እዚህ ላይ ነው።

የዕድር መዝገብ ለቅርቡ ዘመን ወርቅ ነው። የአባላት ስም፣ መዋጮ፣ የቀብር ወጪ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደገባ፣ ሁሉም አለበት። መዝገቡን ለመዋስ አትጠይቁ፤ ጸሐፊው አጠገባችሁ ተቀምጦ እዚያው ፎቶ አንሡ። የቀበሌ ቤት ፋይል በአብዛኛው የሚጀምረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከሐምሌ 1967 ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን የሚሞላው ዕድርና የሰው ትዝታ ነው።

አረጋዊን «በስንት ዓ.ም?» ብሎ መጠየቅ ግምት ያስከትላል። ጣልያን ሲገባ (መጋቢት 1928)፣ ጣልያን ሲወጣ (ኅዳር 1934)፣ ቤት ሲወረስ፣ ደርግ ሲወድቅ እያላችሁ፣ «ያን ጊዜ አግብተው ነበር? የበኩር ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለየብቻ መጠየቅ ይቅደም። በጉባኤ ከተጀመረ የትልቁ ሽማግሌ ቃል የሁሉም ቃል ይሆናል፤ እናቶችም ዝም ይላሉ። ጉባኤው የሚጠቅመው ለካርታ ነው፦ ወንዙና አድባራቱ ብቻ ያሉበት ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ የቀረውን ራሳቸው እንዲሞሉት ማድረግ፤ ክርክሩም ይቀረጽ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚያልቅ ካህናትን ጠዋት አነጋግሩ፤ አዲስ ዓለም ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነውና ዓርብ ቀትርን ተዉት። መቅረጫው ከተናጋሪው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ስልክ ከሆነ የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መድቡ።

የወለቃን ታሪክ ጎንደር ላይ ብቻ ተቀምጦ መጻፍ አይቻልም። የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በ1977 እና በ1983 ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ስለሄዱ፣ ሸክላ ሠሪዋ የማን ልጅ እንደነበረች፣ ምድጃው የት እንደቆመ የሚያውቁት እዚያ ናቸው። በቪዲዮ ስታነጋግሩ የመንደሩን የዛሬ ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩ፤ ቦታውን ሲያዩ የጎረቤቱን ስም በተራ ይጠሩታል።

የተሰበሰበውን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ዛሬ በክርክር ላይ ያለ ቦታን የሚጠቅስ ጽሑፍ። ቅጂው ለደብሩ ይሰጥ፤ በኅትመቱ ላይ ግን የወሰን ምልክቱ ይቅር፤ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ተደርጎ ሰው ሊያጣላ ይችላል። ለደብሩ ፎቶው ከታተመ ዝርዝር ጋር፣ ለዕድሩ የመዝገቡ ቅጂ ተጠርዞ፣ ለተናጋሪው ቤተሰብ ድምፁ በፍላሽ ዲስክ። ዝርዝሩ በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈውን ጥናት የሰፈሩ ሰው ሊያርመው አይችልም፤ እኛ ጋ ከገቡት እርማቶች የሚበልጡት የመጡት ደግሞ ከሰፈሩ ሰው ነው።