2147483647 ላይ የቆመው ቴብል

ዳታቤዝ ላይ ለምትሠሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ሲስተማችን የጭነት መኪናዎችን ጂፒኤስ ይቀበላል፣ እያንዳንዱ መኪና በየጥቂት ሰከንዱ ያለበትን ይልካል፣ እኛ ጋ ማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ሶፍትዌራችን) ላይ የራሱ ተራ ቁጥር ማለትም አይዲ ያለው አንድ አንድ መስመር ሆኖ ይገባል። አንድ ጠዋት ካርታው ላይ ያሉት መኪኖች በሙሉ ባሉበት ቀጥ አሉ፣ ሾፌሮቹ ጋ ሲደወል ግን መንገድ ላይ ናቸው።

ሎጉን ስንከፍተው ኤረሩ "ዱፕሊኬት ኢንትሪ 2147483647" (ተደጋጋሚ ቁጥር ገባ እንደማለት) ይላል፣ ከላይ እስከ ታች እሱ ብቻ። ዱፕሊኬት ስለሚል ግማሹ ሰው ጂፒኤሱ አንዱን ዳታ ሁለቴ እየላከ ነው ብሎ ወደዛ ሮጠ። አንዱ ልጅ ደግሞ ቁጥሩ ፕራይም (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆኑን አገኘና "ፕራይም ኢንክሪፕሽን ላይ ነው የሚገባው፣ የሆነ ሰው ሰብሮ ገብቶብናል" አለ፣ እሱን ስናጣራ ረፈደ። በመጨረሻ ዲቢኤዋ (ዳታቤዙን የምታስተዳድረው) መጥታ "ልጆች፣ የአይዲውን ታይፕ አይታችኋል?" አለች።

አይዲው ኢንት ነበር። ኢንት 32 ቢት ነው፣ አንዱ ለፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክቱ ስለሚሄድ 31 ይቀራል፣ 31ዱም 1 ሲሆኑ ቁጥሩ ልክ 2147483647 ይሆናል፣ በቃ ሞላ። ማይኤስኪውኤል ከዛ በላይ መሄድ ስለማይችል ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር ለአዲሱ መስመር ሊሰጠው ይሞክራል፣ ዱፕሊኬት የሚለው ለዛ ነው።

ልጁ ግን ፕራይም ነው ማለቱ ልክ ነው፣ ደግሞም ተራ ፕራይም አይደለም። 2ን 31 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ነው የሚመጣው፣ የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው በእጁ አስልቶ ነው። አካፋይ ቢኖረው ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ ማለትም ከ46,340 አይበልጥም፣ ያም አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው የግድ 1 ወይም 63 መሆን አለበት፣ ስለዚ ሊሞከሩ የሚችሉት ቁጥሮች ከ400 በታች ሆኑ፣ ከነሱም ፕራይም ያልሆኑት ይወጣሉ። ሁለት ቢሊዮን ምናምን የሚያክል ቁጥር እንዲህ ጠቦ ጠቦ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚጨርሰው ሥራ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

ቴብሉን ያቆመው ግን ፕራይምነቱ አይደለም። የ16 ቢቱ መጨረሻ 32767 ለ7 ይካፈላል፣ የቢግኢንት (የ64 ቢቱ) መጨረሻም ለ7 ይካፈላል፣ ሲሞሉ ግን እነሱም እንደዚሁ ነው የሚያቆሙት።

ያን ሁሉ መስመር እዛው ወደ ቢግኢንት መቀየር ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ዲቢኤዋ በቢግኢንት አዲስ ቴብል ሠርታ አይዲውን ከ3 ቢሊዮን አስጀመረችውና ስሙን ከድሮው ቴብል ጋር ቀያየረችው፣ መኪኖቹ ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ የድሮው ዳታ ማታ ማታ ቀስ እያለ ተዛወረ። ከዛ ሌሎቹን ቴብሎች ስናይ የውል ማብቂያ ቀን የሚያዝበት ኮለም ታይምስታምፕ ሆኖ አገኘነው፣ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ ሰከንድ ስለሚቆጥር እዚሁ ቁጥር ላይ ነው የሚያልቀው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038። በዛው ሳምንት ይሄ ገደብ ወደሌለበት የቀን ታይፕ፣ ወደ ዴትታይም ቀየርነው።