ሁለቱ ሞክሼዎች

በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት እናቶች ነበሩ። ሞክሼዎች ናቸው። አንዷ በር ሥር ይተኛሉ፣ አንዷ መስኮት ሥር። እኛ ነርሶቹ እርስ በርስ ስናወራ «የበሯ እማማ» እና «የመስኮቷ እማማ» እንላቸዋለን። የበሯ እማማ ስኳር አለባቸው። የመስኮቷ ስኳር የለባቸውም፤ ግፊትና የመርሳት ችግር ግን አለባቸው።

የዚያን ቀን ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ጓደኛዬ ታማ ቀርታለች። 26 ሰው ከቁርስ ጋር መድኃኒቱን መውሰድ አለበት፤ አንዳንዱ ሁለት ኪኒን፣ አንዳንዱ ዘጠኝ። ጊዜ ላተርፍ ብዬ ኪኒኖቹን ቀድሜ በየኩባያው ሞላሁና በእስክሪብቶ ስም ጻፍኩባቸው። የመጀመሪያ ስም ብቻ። ቀድሞ መሙላት ክልክል ነው። እናውቃለን፤ ሲጣደፍብን ግን እናደርገዋለን።

ክፍላቸው በር ላይ ስደርስ ስልክ ጮኸ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ስልክ አያነሳም። አነሳሁ። የአንድ ሌላ ታካሚ ልጅ ናት፤ አባቷ እንዴት እንዳደሩ ትጠይቃለች። በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ስልኩን አጣብቄ ኩባያውን ይዤ ገባሁ። በር ሥር ያለው አልጋ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። በስማቸው ጠርቼ «ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ።»

ዋጡት። 5 ሚሊ ግራም ግሊቤንክላማይድ፣ የስኳር መድኃኒት።

ወደ ጋሪው ስመለስ ከወደ መስኮቱ ድምፅ መጣ። «የኔስ? ያቺ ነጯ የስኳር ኪኒኔ የታለች?»

ለካ ሌሊት የመስኮቷ እማማ በረደኝ ብለው ተነጫንጨው፣ የሌሊት ተረኞቹ ሁለቱን አቀያይረዋቸዋል። ደግ ሥራ ነው። ግን የትም አልተጻፈም።

እግሬ ቄጤማ ሆነ። የሚቀጥሉትን ሁለት ደቂቃዎች መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ እናገራለሁ። ስሌት ጀመርኩ። አንድ ኪኒን ናት። ቁርስ በልተዋል። ምን ትሆናለች? ማንም አላየም። እሳቸው እንደሆኑ አያስታውሱም። ዝም ማለት ያን ያህል ቅርብ ነበር። ስልኩ እንኳ ገና አልተዘጋም።

የሥራ ኃላፊያችን ጋ ሄጄ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ስንት ሚሊ ግራም? ስንት ሰዓት ላይ?» ብቻ ነው ያለችው። የመስኮቷን እማማ ስኳር ለካን፤ 112። «እፎይ፣ ደህና ናቸው» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና «መድኃኒቱ ገና መች ጀመረ?» አለች።

እውነቷን ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። ስኳር ያለበትም ይዋጠው የሌለበት፣ ግድ የለውም። ጉልበቱ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ኩላሊታቸው በደከመ አረጋውያን ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ሐኪሙ በስልክ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ፣ ከ70 ከወረደ ስኳር ሰጥታችሁ ወዲያው ላኩልኝ አለ።

ለካን። 98። 91። 84። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ 57 ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስኳር ሲወርድ ሰው ይወራጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል ብለን ነው የተማርነው። የመስኮቷ እማማ አቴኖሎል ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው የግፊት መድኃኒት መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍነዋል። ግራ መጋባቱንም ቢሆን የሚያውቀው የለም፤ ድሮም ግራ ይጋባሉ። የታየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ። ነገሩን ባንናገር ኖሮ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» ብለን ብርድ ልብስ እንደምናለብሳቸው እርግጠኛ ነኝ።

ሆስፒታል ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸው። ወጣ፤ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገና ተሰጣቸው። በማግስቱ ነው የተመለሱት። ለልጃቸው ደውዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማነው የሰጣቸው?» አለች። «እኔ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ማታ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች እንጂ አላናገረችኝም። አልፈርድባትም።

ስብሰባው ላይ አንዱ ባልደረባችን ነገሩን ከቺዝ ጋር አመሳሰለው። ጄምስ ሪዝን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር ያመጣው ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ መከላከያ እንደ ቀዳዳማ የቺዝ ቁራጭ ነው፤ ቀዳዳዎቹ አንድ መስመር ላይ ሲገጥሙ አደጋው ያልፋል። የእኛን ቆጠርን። ያልተጻፈ የአልጋ ለውጥ፣ ቀድሞ የተሞላ ኩባያ፣ ስልክ፣ ብቻዋን የዋለች ነርስ። ምሳሌው ጥሩ ነው። ግን እኔን ያላበኝ የራሴ ጥያቄ ነበር። ትምህርት ቤት የሸመደድናቸውን አምስቱን ትክክለኞች ታውቋቸው ይሆናል፦ ሰው፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። እኔ አራቱን አግኝቻለሁ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ሞከርኳቸው። «እማማ፣ ሐኪም ነዎት?» «አዎ ልጄ።» «ወንድ ነዎት?» «አዎ ልጄ።» ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ለሚረሳ ሰው «ነዎት ወይ?» ማለት መልሱን አብሮ መስጠት ነው። አሁን «ስምዎ ማነው?» እላለሁ፤ ካልመለሱልኝ ካርዱ ላይ ከለጠፍነው ፎቶ ጋር አስተያያለሁ።

የበሯ እማማም ከነገሩ አልተረፉም። ፋርማሲስቷ ጉዳዩን ስትመረምር «ለመሆኑ ለእሳቸውስ ይህ መድኃኒት ለምን ታዘዘ?» ብላ ጠየቀች። የቢርስ መመዘኛ የሚባል፣ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶች ዝርዝር አለ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ልክ እንደኛ ባሉ ማዕከላት ለሚኖሩ አረጋውያን ተብሎ ነው። ግሊቤንክላማይድ ዛሬ እዚያ ዝርዝር ላይ አለ፤ ስኳርን አለቅጥ ያወርዳልና ለአረጋውያን አይመከርም። ሐኪሙ ቀየረላቸው።

አዲሱን ኪኒን ይዤ የሄድኩ ቀን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «ይህቺ የኔ አይደለችም።»

መቀየሩን ነግሬያቸው ነበር፤ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩትና ወደ ጋሪው ተመልሼ ካርዱን እንደገና አነበብኩ።