የኮርቬት ሲ 5 ኤቢኤስ መብራት፦ ሞጁል ከመግዛት በፊት የሚፈተሸው

ከ1997 እስከ 2004 በተሠሩት የሼቭሮሌ ኮርቬት ሲ 5 መኪኖች ላይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሚፈረድበት ሞጁሉ፣ ማለትም የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ነው። ሞጁሉ ደግሞ ውድ ነው፤ አዲሱም እንደ ልብ አይገኝም። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የጥፋት ኮድ የሚነግረን ጥፋቱ የታየበትን መስመር እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም። ከሞጁሉ በፊት ባትሪው፣ የግራውንድ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው የኔጋቲቭ መስመር) ቡሎኑና ጎማው ጋ ያለው ሽቦ መፈተሽ አለባቸው።

ኮዱን ለማንበብ ስካነር አያስፈልግም። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ዳሽቦርዱ ማሳያ ላይ ማስጠንቀቂያ ካለ በሪሴት ቁልፍ አጥፉት። ከዚያ ኦፕሽንስ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ ፊውል የሚለውን በ10 ሰከንድ ውስጥ 4 ጊዜ ጫኑ። የመኪናው ሞጁሎች በየተራ በማሳያው ላይ ያልፋሉ፤ የኤቢኤሱ ቁጥር 28 ነው። ከቁጥሩ መጨረሻ ሲ ካለ ጥፋቱ አሁን አለ፣ ኤች ካለ ያለፈ ነው። ባትሪው የደከመ ወይም በቅርቡ የተነቀለ ከሆነ ማሳያው በኤች ኮዶች ይሞላል፤ እነሱን ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ባትሪውን ሙሉ (ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ 12.4 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ)፣ ኮዶቹን አጥፉ፣ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና አንብቡ። ሥራው የሚጀምረው ተመልሶ ከመጣው ኮድ ነው።

የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ኮዶች በሦስት ይከፈላሉ። ከ1232 እስከ 1235 ያሉት መስመሩ ተበጥሷል ወይም ተነካክቷል ይላሉ። ከ1221 እስከ 1224 መስመሩ ደህና ሆኖ ምልክት የለም ማለት ነው። ከ1225 እስከ 1228 ደግሞ ምልክቱ ይዘላል። በሦስቱም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ።

መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ መቆሚያ ላይ ካሳረፋችሁ በኋላ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና በቴስተር ኦሙን ለኩ። ጤነኛ ሴንሰር ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል። አራቱንም ለክቶ ማወዳደር አንድ ቁጥር ብቻ ከማመን ይሻላል። እየለካችሁ ሽቦውን በእጅ አጣጥፉት፤ ንባቡ ከዘለለ መዳቡ በላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል። መሪ ሲዞር የፊቶቹ ሽቦዎች አብረው ስለሚታጠፉ ይህ ፊት ላይ ይብሳል። ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ሚሊቮልት ቀይራችሁ ጎማውን በሰከንድ አንድ ዙር ያህል አዙሩት፤ 100 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ከሶኬቱ ጥሩ ንባብ እየወጣ በሞጁሉ በኩል ሲለካ ከጠፋ ጥፋቱ መሐል ያለው ሽቦ ነው። ሴንሰሩ ከነኩሽኔታው አንድ ላይ የታሸገ ስለሆነ ብቻውን አይቀየርም፤ ሙሉው ሃብ (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል ከነኩሽኔታው) ይገዛል። እዚህ ላይ ርካሹን መምረጥ አያዋጣም፤ ሴንሰሩ ደካማ የሆነ ሃብ አዲስ ሆኖ ያው ኮድ ይመልሳል።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው መብራት ሳይበራ የሚመጣው ጥፋት ነው። መኪናው በደረቅ አስፋልት ቀስ ብሎ ሊቆም መጨረሻው ሜትር ላይ ሲደርስ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ኤቢኤሱ ያጉረመርማል። የእነዚህ ሴንሰሮች ቮልቴጅ የጎማው ፍጥነት ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። አንዱ ከደከመ ወይም ኩሽኔታው ከላላ ምልክቱ ከሌሎቹ ቀድሞ ዜሮ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ያ ጎማ ተቆልፏል ብሎ ፍሬኑን ይለቅለታል። ይህንን የሚያሳየው የኤቢኤስ ዳታ የሚያነብ ስካነር ነው። በቀስታ እየነዳችሁ ወደ መቆም ስትቃረቡ ከአራቱ ቀድሞ የሚወድቀው ጥፋተኛው ነው።

ጎማውንም አትርሱ። ፋብሪካው ፊት 245/45 በ17፣ ኋላ 275/40 በ18 ገጥሟል፤ የኋላው ዲያሜትር ከፊቱ ወደ 4 በመቶ ይበልጣል፣ ኮምፒውተሩም ይህንን ልዩነት ይጠብቃል። ለመልክ ብሎ አራቱንም አንድ ልክ ያደረገ ሰው ሽቦ ላይ የሌለ ጥፋት ይፈልጋል።

1214 ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ይህ ኮድ ለሶሌኖይዶቹ (የፍሬን ዘይቱን ቫልቮች በኤሌክትሪክ ለሚከፍቱና ለሚዘጉት) ኃይል የሚሰጠው ሪሌ አልሠራም ይላል፤ ሪሌው ያለው ሞጁሉ ውስጥ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ኃይሉንና ግራውንዱን ፈትሹ። የዛገ ሽቦ ጭነት ሳይኖርበት 12 ቮልት ያሳያል፣ ስለዚህ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ጭናችሁ ለኩ። በግራውንዱ በኩል የሚጠፋው ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ቡሎኑን ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ ማጽዳት ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑና መብራቱ መኪናው ሲሞቅ በርቶ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ሞጁሉ ውስጥ የተሰነጠቀ የሊድ ብየዳ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሞጁሉ ከሃይድሮሊኩ ክፍል ተነጥሎ ይወጣል፤ የፍሬን ቱቦ አይነካም፣ አየር ማውጣትም አያስፈልግም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅላችሁ ጀምሩ። ቦታው ጠባብ ነው፣ የቶርክስ (ባለ ኮከብ ቅርጽ) ቡሎኖቹም ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል፤ የመፍቻው ቢት እስከ ታች መግባቱን ሳታረጋግጡ አትጠምዝዙ። ያገለገለ ሞጁል የምትገዙ ከሆነ የ1997–2000 እና የ2001–2004 አይቀያየሩም።

የሃይድሮሊኩ ክፍል ራሱ ከተፈታ ግን በፔዳል ብቻ አየሩ አይወጣም፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ስካነርና ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዘጋጁ።

ጎማዎቹን በ140 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ከዚያ ሰው በሌለበት ደረቅ ቦታ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ሞክሩ። ከቆማችሁ በኋላ 28ን እንደገና አንብቡ። የኤቢኤሱ መብራት ብቻውን ቢበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮት ከበራ ግን መኪናው ከዚያ አይንቀሳቀስ።