ሰፊውን ጎማ ለምን አወጣሁት

መኪናዬ የ2013 ሳየን ኤፍ አር ኤስ ናት። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ተሸጠች እንጂ ሌላው ዓለም ቶዮታ 86 ወይም ጂቲ 86 ነው የሚላት። ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ 215/45 አር 17 ነበር፣ ሚሽሊን ፕራይማሲ የሚባለው። 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 45 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ይኸው ጎማ አንዳንድ ፕሪየስ ላይም ይታሰራል፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ ብዙ ወገን ታክሲና ኡበር የሚሠራበት ፕሪየስ። ስፖርት መኪና ላይ የፕሪየስ ጎማ ምን ይሠራል ብዬ ተናደድኩ፣ እና 9 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ገዝቼ 245/40 አር 17 አስገባሁ። የጎማው ከፍታ ከበፊቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው ስፋቱ ነው።

ስትቆም በጣም ታምራለች። ከኋላ ሲያዩዋት መሬት ቆንጥጣ የያዘች ነው የምትመስለው። መንዳት ስጀምር ግን መኪናዬ ጠፋችብኝ።

መሪው ከበደ። ድሮ በጣቴ የማውቀው የመንገድ ስሜት ደነዘዘ። ከባድ መኪኖች የቦረቦሩት አስፋልት ላይ ስገባ ደግሞ ጎማው ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል፣ መሪውን ጠበቅ አድርጌ ካልያዝኩት ወደ ጎን ይስበኛል። ሰፊው ቸርኬ ወደ ውጭ ወጣ ስላለ ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደ እጄ ይመጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጎማ ከነቸርኬው 3 ኪሎ ገደማ ጨምሯል፣ እና ይህ የሚሽከረከር ክብደት ስለሆነ ስትነሳም ፍሬን ስትይዝም ይሰማል።

ብዙ ሰው ጎማ ሲሰፋ መሬት የሚነካው ቦታም በዚያው ልክ የሚሰፋ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መኪናዋን ተሸክሟት የሚሄደው በዋናነት ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። የመኪናው ክብደትና የነፋሱ ግፊት ካልተለወጡ መሬት የሚነካው ቦታ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጭን ጎማ ላይ ወደ ርዝመት ይሄዳል፣ ሰፊው ላይ ወደ ጎን ተለጥጦ ያጥራል። ታዲያ ኩርባ ላይ ማንኛውም ጎማ ከሚያመለክትበት አቅጣጫ ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የሚሄደው። ሰፊው ትንሽ ዘመም ብሎ ብዙ ይይዛል፣ ለመሪ ቶሎ ይመልሳል፣ ሲለቅ ግን በድንገት ይለቃል። ቀጭኑ ቀስ በቀስ ነው የሚለቀው፣ እየነገረህ።

ሜዳ ላይ ዙሩን በአጭር ሰዓት መጨረስ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ሰፊው ያሸንፋል። ሙቀት ይችላል፣ ለስላሳ ላስቲክ ቢሆንም ቶሎ አያልቅም፣ 400 እና 500 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ግዴታ ነው። እኔም ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ላይ ፈጥኛለሁ። ግን የኔዋ ጉልበቷ 200 ነው። 10ኛው ኩርባ ላይ፣ ወደ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያስገባው ላይ፣ ድሮ ነዳጅ ስሰጣት የኋላዋ ትንሽ ወጣ ይልና በመሪ እመልሳት ነበር። በ245 ምንም የለም። ምንም፣ ምንም፣ ከዚያ ከለመድኩት በላይ ፍጥነት ላይ በአንዴ ልቅቅ። ይሄ አስፈርቶኛል። ዋና መሐንዲሷ ቴትሱያ ታዳ ቀጭን ጎማ የመረጡት በስስት አልነበረም፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ነጂው ከመኪናው ጋር እንዲጫወት ፈልገው ነው። አሁን ገባኝ።

የፊትና የኋላው ልዩነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሆንዳ ኤስ 2000 የምትባለው ስፖርት መኪና በ1999 ስትወጣ ፊቷ 205፣ ኋላዋ 225 ነበር፣ እና ኩርባ መሐል ነዳጅ በድንገት የለቀቀ ሰው ኋላዋ ይዞር እንደነበር የነዷት ያውቃሉ። ለ2004ቱ ሞዴል ሆንዳ ፊቱን 215፣ ኋላውን 245 አደረገው። ፊት ላይ 10 ሚሊሜትር፣ ኋላ ላይ 20። ሞላና ሾኩንም ነካክተውታል፣ ግን ኋላው ከፊቱ ይበልጥ እንዲይዝ መፈለጋቸው ከቁጥሩ ይታያል። ስለዚህ መኪናህ ከፋብሪካ ፊትና ኋላዋ የተለያየ ሆኖ አራቱንም እኩል አድርጌ ልሰር የምትል ካለህ መጀመሪያ ያንን አስብ።

አንድ ነገር ደግሞ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጎሚስታ "አዲስ ቸርኬ ምን ያደርግልሃል፣ 245ቱ በፋብሪካው 7 ኢንች ላይ ይገባል" ብሎኝ ነበር። መግባቱንስ ይገባል። ግን ጎማው ከታች ተጨብጦ ከላይ እንደ ፊኛ ያብጣል፣ ኩርባ ላይ ጎኑ ይወላገዳል፣ ከቀጭኑም የባሰ ይሆናል። ከጎማው በፊት የቸርኬውን ስፋት ጠይቁ፣ የጎማው አምራች ከስንት እስከ ስንት ኢንች እንደሚፈቅድ ያወጣል። ፓራፋንጎውንም መሪ እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ለኩ።

አሁን 7.5 ኢንች ቀላል ቸርኬ ላይ 225/45 አር 17 ነው ያለኝ። ስፋቱ ከፋብሪካው በ10 ሚሊሜትር ብቻ ይበልጣል፣ ላስቲኩ ግን ለስለስ ያለ ነው፣ እና ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ባለፈው ዝናብ ሲጥል ሰሚት ፖይንት ነበርኩ። 245ቱ ውሃ ላይ ይንሳፈፍብኝ ስለነበር መጀመሪያ ፈራሁ። 10ኛው ኩርባ ላይ ቀስ አድርጌ ነዳጅ ሰጠኋት። ኋላዋ ወጣ አለ፣ መሪውን ትንሽ መለስኩ፣ ተመለሰች።