መንጋጋዬ ላይ አጥንት ያበቀልኩት እንዴት ነው

ጥርሴን የሰበረው ቆሎ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስቆረጥም አንዷ ሽምብራ ቀጭ አደረገችውና የታችኛው ግራ መንጋጋ ጥርሴ ለሁለት ተሰነጠቀ። አስነቀልኩትና ተገላገልኩ አልኩ። ስስቅ አይታይ፣ ማን ያየዋል ብዬ ሰባት ዓመት በቀኝ በኩል እያኘኩ ኖርኩ።

ቀኙም ማመም ሲጀምር ነው ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ የሄድኩት። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አስተክዬ በሳምንት የምጨርስ መስሎኝ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ አጥንቱ መንምኗል፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው የቀረው» አለችኝ። የሚተከለው የቲታኒየም ብሎን ራሱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ በግራና በቀኙም አጥንት ይፈልጋል። ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታውን አጥንት ደግሞ ሰውነት ቀስ በቀስ ይበላዋል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉ ሊሄድ ይችላል። የነቀለኝ ሰው ይህን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ አጥንቱን ማስፋት ግድ ሆነ። ግሮውዝ ፋክተር የሚባለውን ነገር የሰማሁት ያኔ ነው። ሴሎችን «ኑ፣ እዚህ ሥራ አለ» ብለው የሚጠሩ ፕሮቲኖች በሏቸው። አንደኛው ቢኤምፒ ነው፤ ማርሻል ዩሪስት የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1965 እ.ኤ.አ. የደረሰበት። አሁን በላብራቶሪ ተሠርቶ ይሸጣል፣ አሜሪካ ውስጥም በ2007 እ.ኤ.አ. ለመንጋጋ አጥንት ሥራ ተፈቅዷል። ግን ዋጋው አይቀመስም፣ ፊትም ክፉኛ ያሳብጣል። ሌላው መንገድ ከራስ ደም የሚሠራው ፒአርኤፍ ነው፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ያሉበት የረጋ ደም በሉት። ይሄኛውን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር ኪሴ ነው የመረጠልኝ።

እግረ መንገዴን፣ ምን እንደሚገባላችሁ ጠይቁ። የጎደለውን ለመሙላት የሚገባው የአጥንት ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት ነው። ከላዩ የሚለብሰው የኮላጅን ሽፋን ግን ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ይሠራል፤ ካልጠየቃችሁ ላይነገራችሁ ይችላል። እኔ ስጠይቅ በከብት ተቀየረልኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበርና «የበሬውስ ጾም ያስገድፋል?» ብዬ ብቀልድ ነርሷ መርፌዋን እንደያዘች ሳቀች። «አያኝኩትም እኮ ጋሼ!»

ቀዶ ጥገናው በሚሠራበት ቀን ከክንዴ አራት ቱቦ ደም ተቀዳ። ቱቦዎቹ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ነርሷ ይዛው ሮጠች ማለት ይቻላል፣ ከዘገየች እዚያው ይረጋባታል። ማሽኑ 12 ደቂቃ አሽከረከረው። ሲወጣ ከታች ቀይ፣ ከላይ የጠራ ፈሳሽ፣ መሃል ላይ ደግሞ ቢጫ የሚል የሚንቀጠቀጥ ነገር። ዶክተሯ በመቆንጠጫ አውጥታ ከቀዩ ላይ በመቀስ ቆረጠችው። ከፊሉን ተጭና እንደ ስስ ቆዳ አደረገችው፣ ከፊሉን ከትፋ ከፍርፋሪው ጋር ደባለቀችው። ደረቅ ጨው ይመስል የነበረው ፍርፋሪ እንደ ጭኮ ተያያዘ።

ማደንዘዣ ስለተወጋሁ ሕመም አልነበረም። አጥንቱ ደም እንዲያወጣ በቀጭን መሰርሰሪያ ሲበሳሳ ግን ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጉንጬ አብጦ መሥሪያ ቤት «ማን መታህ?» ተባልኩ። በስድስተኛው ቀን የራሴን ጥፋት ሠራሁ። ስታዲየም አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ይዤ ተቀምጬ አንድ ሲጋራ ለኮስኩ። አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሁለተኛው ተከተለ፣ በማግስቱም እንደዚያው። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ላላና ምላሴ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ያ ሁሉ ብር አፌ ውስጥ ሲፈርስ እየቀመስኩ ነበር ማለት ነው። ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ያጨሳሉ አይደል?» አለችኝ፣ በቃ። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ደም በቅጡ ካልደረሰው ደግሞ አጥንቱ ከምን ይበቅላል?

እኔ ግሮውዝ ፋክተር ሲባል ማዳበሪያ መስሎኝ ነበር፣ ከረጩት በኋላ ዝም ብሎ የሚያበቅል። እንደዚያ አይደለም። ፒአርኤፍ ድዱ ቶሎ እንዲድን ያግዛል፤ አጥንት በማብቀሉ ላይ ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፣ ዶክተሯም ከመጀመሪያው አልደበቀችኝም። ፍርፋሪው ቦታ ይይዛል፣ ሽፋኑ ድዱ እንዳይገባበት ያጥራል፣ አጥንቱን የሚሠራው የራስ ገላ ነው። የኔ ድርሻ አፌን መጠበቅ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው ያበላሸሁት።

ቁስሉ እንደገና ተሰፋ። ሁለት ሳምንት በአጥሚትና ለብ ባለ ሽሮ፣ ከዚያ ስድስት ወር መጠበቅ። ሁለተኛው ስካን 7 ሚሊ ሜትር አሳየ፤ በተከፈተው በኩል ግን 6 ብቻ። በዚህ ምክንያት ቀጠን ያለ ብሎን ተመርጦ ተተከለልኝ። ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድና ጥርሱ እስኪገጠም ሦስት ወር ይቀረኛል።

ሲጋራው ጠዋት ጠዋት አሁንም ያምረኛል። ቡናዬን ቆሜ ጠጥቼ ነው የምወጣው።