ጭሱ ወዴት ይሄዳል? የጋዝ ማሞቂያ ትምህርቴ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ የማታውን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ትምህርት ከጀመርኩ ዘጠኝ ሳምንት ሞላኝ። ያለፉት ሦስቱ ያለቁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ የተቃጠለው ጋዝ ከቤት እንዴት እንደሚወጣ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ እህቶችና ወንድሞች፣ ሽቦውንም ሌላውንም በጊዜው ትደርሱበታላችሁ፤ ለጭስ ቧንቧው ግን ጊዜ አትንፈጉት።

በዚህ ከተማ ምድር ቤቶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሞቂያ ይገኛል። አሮጌው ከጋዙ ሙቀት 80 በመቶ ያህሉን ለቤቱ ሰጥቶ የቀረውን ከጭሱ ጋር ይሰደዋል። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚያልፍበትም ቧንቧ ብረት ነው። አዲሱ ዓይነት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሙቀት ለቤቱ ያስቀራል። ጭሱ ከመቀዝቀዙ የተነሣ በውስጡ ያለው እንፋሎት አሲድነት ያለው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ተራውን ላሜራ ይበላዋል። ስለዚህ የሚገባው ፒቪሲ ወይም አምራቹ የፈቀደው ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱንም የሚገፋው ማራገቢያ ነው።

ሁለቱም ቧንቧዎች ከማሞቂያው እየራቁ ሲሄዱ በእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች ከፍ ይላሉ። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ምክንያቱም አንድ መስሎኝ ነበር። ብረቱ ከፍ የሚለው ትኩሱ ጭስ ሽቅብ እንዲወጣ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ግን ውሃው ወደ ማሞቂያው ተመልሶ በፍሳሽ መስመሩ እንዲወርድ ነው። 16 ጫማ የሚረዝም ቧንቧ ጫፉ ላይ 4 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ፕላስቲኩ መሐሉ ላይ ከጎበጠ ውሃ ያቁራል፣ ጭሱም መተላለፊያ ያጣል። ማንጠልጠያዎቹ በመመሪያው ከተጻፈው በላይ መራራቅ የማይገባቸው ለዚህ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ መምህራችን እኔ ያጣበቅኩትን መገጣጠሚያ አንሥቶ በመጋዝ ቁልቁል ለሁለት ሰነጠቀው። ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ውስጡ ግን ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባው ሐምራዊ ፈሳሽ ያልነካው፣ የትንሿ ጣቴን ስፋት የሚያህል ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ነበር። ማራገቢያው ጭሱን እየገፋ ስለሚልከው በዚያ ቀጭን መስመር ጭስ ወደ ቤት ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን አልዘልም፦ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ የውስጡንና የውጩን ሻካራ በሞረድ ማንሣት፣ ሳያጣብቁ ገጥሞ ማየት፣ ሐምራዊውን ፈሳሽ ከዚያም ማጣበቂያውን ዙሪያውን በሁለቱም ላይ መቀባት፣ ሩብ ዙር እያዞሩ እስከ መጨረሻው መግፋትና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞ መቆየት። ካልያዙት ቧንቧው ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል።

ውጭ ያለው ጫፍም የዚህ አገር ክረምት ታስቦ ነው የሚቀመጠው። ከመሬት ሳይሆን በአካባቢው ከሚጠበቀው የበረዶ ክምር 12 ኢንች ከፍ እንዲል ተምረናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ባለፈው መኸር ማሞቂያቸውን በአዲሱ ዓይነት አስቀይረዋል። ቡና እያፈሉ፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ ራሴን ይወቅረኛል፤ የምድር ቤቱም መስኮት ያልበዋል» አሉኝ። ወረድኩ። የአዲሱ ማሞቂያ ፕላስቲክ ቧንቧ በደንብ ተሠርቷል። የውሃ ማሞቂያው ግን ብቻውን በአሮጌው የጡብ ጭስ ማውጫ ላይ ቀርቷል፤ አናቱ ላይ ዝገት ጀምሮታል።

ጭሱ በትክክል መውጣቱን ለመፈተን በርና መስኮቱን ሁሉ ዘጋን፣ የልብስ ማድረቂያውንና የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ አስነሣን፣ የውሃ ማሞቂያውን ለኩሰን አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ሰንደል አብርቼ ጭሱ ወደ ቧንቧው በሚገባበት ክፍተት አጠገብ ያዝኩት። የሰንደሉ ጭስ መሳብ ሲገባው ተጠምዞ ወደ ፊቴ መጣ። ወዲያው ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቶቹን ከፈትን፣ ውጭ ወጥተን የጋዝ አቅራቢውን የድንገተኛ መስመር ደወልን።

አክስቴ በረንዳው ላይ ቆመው፣ «ከሰል ይዞ በር መዝጋት ይገድላል ብዬ ልጆቼን ያሳደግኩ ሰው!» አሉ። ያው ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም። የማስጠንቀቂያ መሣሪያቸው ለምን እንዳልጮኸ ጠየቁኝ። የተለመዱት መሣሪያዎች መጠኑ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ሲደርስ እንኳ የሚጮኹት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይተው ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ዝም ሊሉ ይችላሉ። መሣሪያው የግድ ያስፈልጋል፤ በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ መኖር አለበት። ዝምታው ግን ቧንቧው ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ጥፋቱ ያለው ስፋቱ ላይ ነበር። የውሃ ማሞቂያው ክብ መውጫ ከዳር እስከ ዳር 3 ኢንች ነው፤ ስፋቱ 7 ካሬ ኢንች ገደማ። እንዲህ ላለው መሣሪያ የጭስ ማውጫው ስፋት ከመውጫው ሰባት እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ይህም 50 አይሞላም። የአክስቴ ጭስ ማውጫ ውስጡ 7 በ11 ኢንች ነው፤ 77 ካሬ ኢንች። ትልቁ ማሞቂያ አብሮት ሳለ ጡቡን ያሞቅለት ነበር። እሱ ሲነሣ ትንሿ እሳት ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ጡብ ማሞቅ አልቻለችም፤ ጭሱም ቀዝቅዞ ተመለሰ። አዲሱን የገጠሙት ሠራተኞች የራሳቸውን ቧንቧ አሳምረው ሠሩ፤ የቀረው መሣሪያ በምን እንደሚተነፍስ ግን አልጠየቁም። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

እኔ ገና ፈቃድ የለኝም፤ ስለዚህ ሥራውን የያዙት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያ ናቸው። ከከተማው የሥራ ፈቃድ አውጥተው ከጣሪያው ላይ 4 ኢንች የአሉሚኒየም ቧንቧ በጡቡ ውስጥ ቁልቁል ሰደዱ። መጠኑን የመረጡት የጭስ ማውጫውን ቁመትና የመሣሪያውን ኃይል ከሠንጠረዥ አገናዝበው ነው። እኔ ከታች ሆኜ ጫፉን ተቀበልኩ፤ የአግድሙን ብረት ተዳፋት በውሃ ልክ ለካሁ፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሦስት ሦስት ብሎን አሰርኩ።

የከተማው ተቆጣጣሪ ከመምጣቱ በፊት ፈተናውን ደገምነው። በሮቹ ተዘጉ፣ ማድረቂያውና ማራገቢያው ተነሡ፣ አምስት ደቂቃ አለፈ። በዚህ ጊዜ ሰንደሉን የያዙት አክስቴ ናቸው። ጭሱ ከጣታቸው በላይ ጥቂት ቀጥ ብሎ ቆየና እንደ ክር ተስቦ ወደ ቧንቧው ገባ። ሰንደሉ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን አላነሡም።