የአውቶቡሳችንን ሰዓትና ፌርማታ እንዴት አስቀየርን

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ከአያት ባሻገር ባለ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር ነው፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ከሰፈራችን የሚነሳውን የከተማ አውቶቡስ የማለዳ መነሻ ሰዓትና አያት ላይ የሚያራግፍበትን ፌርማታ አስቀይረናል። ከክረምት እስከ ክረምት ፈጀብን። ሊፈጅ የሚገባው ግን ሁለት ሳምንት ነበር። የቀረውን ጊዜ የበላው ሁሉም ሰው የሚመክረው መንገድ ነው፦ ኮሚቴ አቋቁሙ፣ ፊርማ አሰባስቡ፣ ከወረዳ ጀምራችሁ በደረጃ ወደ ላይ ውጡ። ይህን የምጽፈው በከተማዋ ዳርቻ አዳዲስ ሰፈሮች በገቡ ቁጥር ሰዎች ያንኑ መንገድ ሲጀምሩ ስለማይ ነው።

ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። ለዚህና ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚሄደው ሌላው መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ቲኬቱ እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ነበር። ያን ጊዜ ሜክሲኮ ለመድረስ መገናኛ ላይ ታክሲ መቀየርም ሆነ ከረዳት ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የሚመጡበት ጊዜ ተራራቀ፤ የሚመጣውም ገና ከአያት ሞልቶ ይነሳ ጀመር። ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ሲመጣ አንዱ ቢያመልጥ ግድ የለም። ሲራራቅ ግን ያመለጠው ባቡር የሰውን የጠዋት ሥራ ይዞ ይሄዳል።

የእኛ አውቶቡስ ከሰፈር የሚነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። አያት ሲደርስ የማለዳው ባቡር ሄዷል፤ ለቀጣዩ የተሰለፈው ሕዝብ ደግሞ ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል። በዚህ ላይ የሚያራግፈን ከሐዲዱ ማዶ ነበር። ሐዲዱ በአጥር የተከለለ ስለሆነ ጣቢያውን በዓይናችን እያየን መሻገሪያው ድረስ መዞር ነበረብን። እንጀራ ለሆቴሎች የሚያቀርቡ እናቶች ከነመሶባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ዱላ የያዙ አረጋውያን ሁሉ ይዞራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ጎረቤቶቻችን ነጻ የሰርቪስ አውቶቡስ አላቸው። እኛ የቀረነው ገና ሳይነጋ ወጥተን ሚኒባስ እንጠብቃለን። ሚኒባሱ ታፔላው ላይ መገናኛ ተብሎ ተጽፎ እያለ አያት ላይ «መጨረሻ ነው» ይልና ያወርደናል፤ ከዚያ ለሌላ ታክሲ ሁለተኛ ሒሳብ እንከፍላለን። መንገድ ማቆራረጥ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚቆጣጠር ሰው የለም።

ጥያቄያችን ሁለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ምልልስ በግማሽ ሰዓት ይቅደም፤ አያት ላይ በጣቢያው በኩል ያራግፈን። ተጨማሪ አውቶቡስ አልጠየቅንም፤ አንድ ብር የሚያስወጣ ነገር አልጠየቅንም።

ኮሚቴው በአንድ ምሽት ተመረጠ። ፊርማው በእድር ስብሰባና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች በቁጥር ለይቼ። እስከዚህ ድረስ የሚከብድ ነገር አልነበረም።

ያቃጠለን የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ስምሪቱን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማመልከቻችንን አንቀበልም አለ፤ የነዋሪ ጥያቄ የሚቀርበው ከበታች መስተዳድር በድጋፍ ደብዳቤ ተሸኝቶ ነው ተባልን። ወደ በታቹ ስንሄድ «ትራንስፖርት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ የማይመለከተንን እንዴት እንደግፋለን?» አሉን። ሥልጣን ያለው ያለ ደብዳቤ አይቀበልም፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሥልጣን የለኝም ይላል። በዚህ መካከል የወራት ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቀን መስክ ወጥተዋል፤ ሌላ ቀን ማኅተም የያዙት ወይዘሮ ፈቃድ ላይ ናቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ያን ሁሉ ደረጃ በሚያማቸው ጉልበት እየወጡ በአንድም ቢሮ «ይቀመጡ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

በመጨረሻ የበታቹ መስተዳድር ጉዳዩን ለአንድ ባለሙያ መራው። ባለሙያው ፊርማዎቹ የቤት ቁጥር የላቸውም አለ። እንደገና ብሎክ ለብሎክ ዞረን የቤት ቁጥር አስሞላን። ይዘን ስንመለስ ያ ባለሙያ ተዛውሯል፤ የተካው ደግሞ የኮሚቴው ምርጫ ቃለ ጉባኤ ይቅረብ አለ። አቀረብን። ከዚያ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ታሸገ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ በኩል ይሄዳል ተባለ። ምን እንደተጻፈ ማየት እንፈልጋለን ስል ጸሐፊዋ «የመንግሥት የጽሑፍ ልውውጥ ለባለጉዳይ አይነበብም» አለችኝ። ግልባጭ ስጡን አልን፤ ግልባጩ የሚሄደው ለሚመለከታቸው ክፍሎች ብቻ ነው ተባልን። ስለ ራሳችን እግርና ስለ ራሳችን ጠዋት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ የሚመለከታቸው ሌሎች ነበሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መልስ መጣ። አጭር ነበር፤ በአሁኑ ወቅት የአውቶቡስ እጥረት በመኖሩ ጥያቄውን ማስተናገድ አልተቻለም፣ ወደፊት ግዢ ሲፈጸም ከግምት ይገባል የሚል። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ ከዚያ ለራሳቸው መልሰው አነበቡት፤ «ልጄ፣ እኛ አውቶቡስ ጠይቀናል እንዴ?» አሉኝ።

አልጠየቅንም። ታዲያ ይህ መልስ ለየትኛው ጥያቄ ነው? ለማወቅ መዝገብ ቤቱ ድረስ ደጋግሜ ሄድኩ። አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ አዘነችልኝና ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ገልጣ እንዳነብ ፈቀደችልኝ። ከላይ የድጋፍ ደብዳቤው አለ፤ በደብዳቤው ላይ ነዋሪዎቹ ያለባቸው የትራንስፖርት እጥረት ተቀርፎላቸው ተጨማሪ አውቶቡስ እንዲመደብላቸው እንጠይቃለን ይላል። የእኛ ማመልከቻ አባሪ ሆኖ ከሥሩ ተሰፍቷል። የመራው ኃላፊ፣ መልሱን ያዘጋጀው ባለሙያ፣ የፈረመው ሰው ሁሉም የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው ያዩት። ደብዳቤ የጻፈው ሰው የለመደውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ለዚያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የተለመደው መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በመሐል አንድ ሰፈር ሕዝብ በየማለዳው አጥር ይዞር ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ፋይሉን ባነበብኩ ሰሞን አንድ ጠዋት ከኋላው ባለው ወንበር ተቀምጬ ነገሩን ነገርኩት። «እህቴ፣ ይህ የቢሮ ጉዳይ አይደለም፤ የስምሪት ጉዳይ ነው» አለኝ። አውቶቡሱ ሌሊት የሚያድረው ዴፖ ነው፤ ከዚያ ባዶውን ተነስቶ ወደ ሰፈራችን ይመጣል። መነሻውን በግማሽ ሰዓት ለማስቀደም ከዴፖ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ያ የሚወሰነው የሾፌርና የቲኬት ቆራጭ ፈረቃ በሚደለደልበት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን የሚሠራው የስምሪት ሠራተኛ ዴፖው ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩም ክፍት ነው። የማራገፊያውን ነገርም እሱው ገለጸልኝ። አውቶቡሱ አደባባዩን ከዞረ በኋላ በሚቆምበት ፋንታ ሳይዞር ቢቆም በጣቢያው በኩል ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ተነጋግሮ ለማቆሚያ የሚሆን ቦታ መምረጥ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልጻፍንም። የሰፈራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ፌርማታው ላይ እየቆሙ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት ሰው አውቶቡስ እንደያዘ፣ ስንት ሰው በሚኒባስ እንደሄደ መዘገቡ። ከአውቶቡሱ መነሳት በፊት በሚኒባስ የሚሄደው ሰው አውቶቡሱ ራሱ ከሚጭነው ይበልጥ ነበር። ያንን ሰንጠረዥና የአያትን ማቆሚያ በእጅ የተሳለ ንድፍ ይዘን፣ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ይዘን ዴፖ ሄድን። የስምሪት ሠራተኛው ሰንጠረዡን ረጋ ብሎ አነበበ፤ ባዶውን ከሚመላለስ የሞላ አውቶቡስ ለእኔም ይሻለኛል አለ፤ ለአለቃው አሳየው። በሚቀጥለው ወር ስምሪት ላይ ሰዓቱ ተቀየረ። ማራገፊያው ትንሽ ዘግይቶ ተከተለ። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሳይኖራቸው አብረውን ተሳፍረው አያት ድረስ ሄዱ። ስለ እሳቸው ኮራሁ።

አሁን ምክሬን ልናገር፤ ከሚባለው ጋር እንደማይስማማ አውቃለሁ።

ከወረዳ አትጀምሩ። የሰዓት፣ የፌርማታ፣ የማዞሪያ ጥያቄ ከሆነ በቀጥታ ዴፖ ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ሾፌሩንና ቲኬት ቆራጯን አነጋግሩ። መስመሩን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ደብዳቤ የግድ ከሆነ ሳታነቡት ከቢሮ እንዳይወጣ። ግልባጭ ከከለከሏችሁ ቢያንስ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር አስነብቡ፤ ዕጣችሁ የሚወሰነው እዚያ መስመር ላይ ነው። ፊርማ ከመሰብሰብ ቆጠራ ይበልጣል። ፊርማ ስንት ሰው እንዳዘነ ብቻ ያሳያል፤ ስምሪት የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ግን ስንት ሰው በየትኛው ሰዓት እንደቆመ ማወቅ ነው። ጎረቤቶች ማመልከቻው ላይ የውኃና የመንገድ መብራት ጥያቄ እንዲጨመር ይገፋሉ፤ እሺ አትበሉ።

ሌላው ነገር፣ አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ባለሥልጣናት «ነዋሪውን ከባቡሩ ጋር የሚያገናኝ አጭር መስመር ይበቃል» ይላሉ። ባቡሩ በብዛትና በሰዓቱ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትክክል ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ግን አጭር መስመር ሰውን ከአንድ ሰልፍ አንስቶ ሌላ ሰልፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቲኬቱም ለየብቻ ይቆረጣል። ዕድሉ ካላችሁ አያት ላይ ከሚያበቃ መስመር ይልቅ መገናኛ የሚደርስ ጠይቁ። እኛ አያትን የጠየቅነው የነበረን መስመር እሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

የምሽቱ ጉዳይ ገና አልተፈታም። ከሥራ የሚመለሰው ሰው አያት ሲደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል፤ ሴቶች በጨለማ ሚኒባስ ይጠብቃሉ፤ ረዳቶቹም የፈለጉትን ያህል ያስከፍላሉ። ተማሪዎቹ ከሰኞ ጀምሮ አያት ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ሁለት ወላጆች አብረዋቸው ይቆማሉ። ዝናብ የጣለበትንና የወር ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን ለይተው እንዲጽፉ ነግረናቸዋል፤ በእነዚያ ቀናት ሰልፉ በእጥፍ ስለሚረዝም ከሌላው ቀን ጋር ከተደባለቀ የስምሪት ሠራተኛው ቁጥሩን አያምነውም።